የሐዋሳ ቤት ወለል፦ አመራረጥ፣ አነጣጠፍና አያያዝ

ቤት ሠርቶ ወለል የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሱቅ ነው፤ ቀለሙን፣ ንድፉን፣ ዋጋውን ያያል። ሐዋሳ ላይ ግን መጀመር ያለበት ከመሬቱ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃውን የሚያስወጣለት ወንዝ የለውም። በጥቁር ውሃ ወንዝና በዝናብ የሚገባለት ውሃ የሚቀንሰው በዋናነት በትነትና ወደ መሬት በመስረግ ነው። ስለዚህ ዝናብ በተከታታይ በበዛባቸው ዓመታት ሐይቁ ከፍ ሲል በዙሪያው ያለው የከርሰ ምድር ውሃም አብሮት ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ከተማው ያረፈበት መሬት የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ፐሚስ (ቀዳዳማና ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እና ሐይቅ ያስቀመጠው ደለል ነው። ደቃቁ አፈር ውሃን እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይስባል። ምድር ቤት ላይ የተነጠፈ ፒቪሲ ጠርዙ የሚጠቀለለው፣ ላሚኔት የሚያብጠው፣ በሴራሚክ መጋጠሚያ ላይ ነጭ ጨው የሚወጣው ከዚህ የተነሳ ነው። ሻጩም አንጣፊውም ብዙ ጊዜ አይነግሩዎትም፤ ጉዳቱ የሚታየው እነሱ ከሄዱ ከወራት በኋላ ነውና።

መጀመሪያ እርጥበቱን ይፈትሹ

በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ወይም ወደ ጥቁር ውሃ በሚወስደው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያለ ቤትና በታቦር ወይም በአላሙራ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ ያለ ቤት አንድ ዓይነት ወለል አይፈልጉም። ሆኖም ሰፈሩን ብቻ አይተው አይፍረዱ። በከፍታ ላይ ያለ ቤትም የጎረቤት የፍሳሽ ጉድጓድ አጠገቡ ካለ እርጥብ ይሆናል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ወፍራምና ጥርት ያለ ላስቲክ በ50 በ50 ሴንቲ ሜትር ሦስት ቦታ ይቁረጡ። ወለሉን በደንብ ጠርገው አንዱን ክፍሉ መሀል፣ ሁለተኛውን ከውጭው ግድግዳ አጠገብ፣ ሦስተኛውን ከመታጠቢያ ቤት ጋር በሚዋሰነው ጎን ያንጥፉ። አራቱንም ጠርዝ አየር በማያስገባ ሰፊ ፕላስተር ያሽጉና ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይተዉት። ሲያነሱት በላስቲኩ ሥር ጠብታ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከአካባቢው ጠቆር ካለ እርጥበቱ ከታች እየወጣ ነው። ጠብታው ከላስቲኩ በላይ ከሆነ ግን የክፍሉ አየር እርጥበት ነው፤ መስኮት በመክፈት ይስተካከላል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ እርጥብ ከሆነ ወለሉን በሙሉ እንደ እርጥብ ይቁጠሩት።

ፍተሻው የሚደረግበት ወር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በጥር ደረቅ የሆነ ወለል በነሐሴ ሊያልብ ይችላል። የሚቻል ከሆነ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም ይፈትሹ። ጊዜ ከሌለ ግድግዳውን ይመልከቱ። ከወለሉ እስከ ጉልበት ከፍታ ድረስ ቀለሙ የተላጠ፣ የተቦረቦረ ወይም ነጭ ዱቄት ያወጣ ግድግዳ ወለሉ በክረምት ምን እንደሚሆን ይናገራል።

አዲስ ቤት ከሆነ ሌላም ጉዳይ አለ፦ ኮንክሪቱ ራሱ ሲቦካ የገባበትን ውሃ ገና አልጨረሰም። የሲሚንቶና የአሸዋ ስክሪድ፣ ማለትም ከወለሉ ንጣፍ በፊት ኮንክሪቱን ለማስተካከል የሚለበጠው፣ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ድረስ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር አንድ ቀን፣ ከዚያ በላይ ላለው ውፍረት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ሁለት ቀን ገደማ ይፈልጋል። 5 ሴንቲ ሜትር ስክሪድ 50 ቀን ማለት ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ደግሞ አምስት ወር ያህል ይደርሳል። እዚህ ላይ የሚቆጠረው ውሃ ማጠጣቱ ካበቃበት ቀን ጀምሮ ነው። በእጅ ሲነኩት ደረቅ መምሰሉ አያታልልዎ፤ ላይኛው ገጽ ይደርቃል፣ ውስጡ እርጥብ ይቆያል፣ ፒቪሲ ወይም ላሚኔት ሲሸፍኑበት ያ ውሃ መውጫ አጥቶ ኮላውን ያላቅቃል።

ምን ይምረጡ

ለምድር ቤት፣ በተለይ ፍተሻው እርጥብ ላሳየበት፣ ምርጫው ከእነዚህ አንዱ ነው፦ ሴራሚክ፣ ፖርሰሊን፣ ቴራዞ ወይም ጥሩ ሊሾ። እነዚህ እርጥበትን አይፈሩም፤ ጨው ቢያወጡ እንኳ ይጠረጋል እንጂ ወለሉ አይነሳም።

ሴራሚክና ፖርሰሊን በሱቅ ውስጥ አንድ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው ግን ለአንጣፊው ትልቅ ነው። ፖርሰሊን ከክብደቱ ከ0.5 በመቶ በላይ ውሃ አይጠጣም። ተራው ሴራሚክ ብዙ እጥፍ ይጠጣል። ለመለየት ጀርባው ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ያድርጉ። በደቂቃ ውስጥ ከጠጣው ሴራሚክ ነው፣ ቁጭ ካለ ፖርሰሊን ነው። ፖርሰሊን አይጠጣም ማለት ሲሚንቶ ብቻውን አይይዘውም ማለት ነው። በተራ የሲሚንቶ ቡኮ የተነጠፈ ፖርሰሊን ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ሲረግጡት ባዶ ድምፅ የሚሰጠውና የሚላቀቀው በዚህ ምክንያት ነው። ፖርሰሊን ከገዙ ለፖርሰሊን የተሠራውን ኮላ አብረው ይግዙ፤ ለዚያ ገንዘብ ከሌለ ሴራሚክ ይሻላል።

ካርቶኑ ላይ ሦስት ነገር ያንብቡ። የመጀመሪያው መፈግፈግን የመቋቋም ደረጃ ነው፤ ከ1 እስከ 5 ይሄዳል፣ ለሳሎንና ለኮሪደር ከ3 በታች አይውሰዱ። ሁለተኛው ማንሸራተትን የመከላከል ደረጃ ነው፤ አር 9 ለመኝታ ቤት ይበቃል፣ ለመታጠቢያ ቤትና ለማድ ቤት አር 10፣ ለበረንዳና ለደረጃ አር 11 ይፈለጋል። መስታወት የመሰለው ሴራሚክ በበረንዳ ላይ በዝናብ ቀን ሽማግሌ ይሰብራል፤ አረጋውያን ያሉበት ቤት በዚህ ጉዳይ መደራደር የለበትም። ሦስተኛው የቀለምና የልክ ቁጥር ነው። የሁሉም ካርቶን ቁጥር አንድ ካልሆነ ከተነጠፈ በኋላ ወለሉ መሀል ላይ የቀለም መስመር ይታያል።

ቴራዞ ከፋሽን ወጣ ተብሎ መተዉ ያሳዝናል። በእብነ በረድ ጠጠርና በሲሚንቶ ተሠርቶ የሚሞረድ ወለል ነው። በ20 በ20 ወይም በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ይሸጣል፣ እዚያው ፈስሶም ይሠራል። ትልቁ ጥቅሙ ሲያረጅ እንደገና ተሞርዶ አዲስ መሆኑ ነው፤ ሌላ የትኛውም ርካሽ ወለል ይህን አያደርግም። የድሮ ቴራዞ ያለበት ቤት ከገዙ ሴራሚክ ከላዩ ከመለጠፍዎ በፊት የሚሞርድ ባለሙያ ጠርተው አንድ ካሬ ሜትር ያስሞክሩ። ጠላቱ አሲድ ነው። ሎሚ፣ አቸቶና የሽንት ቤት አሲድ ይበሉታል።

ሊሾ ርካሽ ነው፣ በደንብ ከተሠራም ዕድሜ አለው። የሚሰነጠቀው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በሁለት ስህተት ነው፦ ላይኛው ገጽ እንዲያምር ደረቅ ሲሚንቶ በብዛት ይነሰነስበታል፤ ከዚያም በማግስቱ ውሃ ሳይጠጣ ይተዋል። ሰባት ቀን ሙሉ እርጥብ ጆንያ ለብሶ መቆየት አለበት።

ፒቪሲ ለእግር ለስላሳ፣ ለመንጠፍ ፈጣን ነው። በኮላ የሚለጠፈው ቀጭኑ፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህሉ፣ ከላይኛው ፎቅ ውጭ አይመከርም። እርስ በርሱ የሚቆላለፈው ጠንካራው ፒቪሲ ውሃ ስለማያሳብጠው ምድር ቤትም ላይ ይቆያል፤ ነገር ግን ከሥሩ እርጥበት ካለ ሻጋታ ያፈራል፣ ቤቱ ጭስ ቢደረግበትም የማይለቅ ሽታ ይይዛል።

ላሚኔትና ፓርኬ የፎቅ ቤት ወለሎች ናቸው። ላሚኔት የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ነው፤ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ፓርኬ ደግሞ እንጨት ነውና ከእርጥበቱ በተጨማሪ ምስጥ ያሰጋዋል። በኮንዶሚኒየም ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ምድር ቤት ላይ ግን ሻጩ የፈለገውን ቢል አይሞክሩት።

ከሥር ያለው ሥራ

ቤቱ ገና እየተሠራ ከሆነ የወለሉ ዕድሜ የሚወሰነው አሁን ነው። የላይኛው አፈር ይነሳ፤ ከዚያ ገረጋንቲ በ20 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየተረጨና እየተጠቀጠቀ ይሞላ። በላዩ 25 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ሀርድኮር ይደርደር። ትላልቅ ድንጋዮቹ መሀል ባዶ ክፍተት ስላለ ውሃ በክር መልክ ወደ ላይ መውጣት አይችልም፤ የሀርድኮር ዋና ጥቅሙ ይህ ነው። በላዩ ላይ ድንጋዩ ላስቲኩን እንዳይቀድ ጥቂት አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ያልብሱት።

ላስቲኩ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ያልሳሳ ይሁን። ሁለት ላስቲክ ሲገናኝ 30 ሴንቲ ሜትር ይደራረብ፣ ግድግዳው ሥር ደግሞ ወደ ላይ ታጥፎ ከወለሉ ኮንክሪት ከፍታ ይለፍ። ይህን ላስቲክ ለመቆጠብ የሚፈልግ ሠራተኛ ያጋጥማል። ከኮንክሪቱ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው፣ ከተዘለለ በኋላ ግን መልሶ የሚያስገባው የለም። የቤቱ ወለል ከውጭው መሬት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ዝቅ ባለ ሰፈር ከዚህም በላይ።

ቤቱ የቆየ ከሆነና ወለሉ እርጥብ ከሆነ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ምንጩን ይፈልጉ። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው የውሃ ቆጣሪውን ያንብቡና ጠዋት ማንም ሳይጠቀም እንደገና ያንብቡ። ከተንቀሳቀሰ ቧንቧ ያፈሳል፤ የሐይቁ ነገር አይደለም። ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ ውጭ ይውጡ። የጣሪያ ውሃ ግድግዳው ሥር ይወድቃል? ከቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር ወደ ቤቱ ያዘነብላል? አሸንዳ መስቀልና ቤቱን ዙሪያውን በ80 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ በሜትር 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ባዘነበለ ሲሚንቶ ማልበስ ብዙ ጊዜ ችግሩን በግማሽ ይቀንሰዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላም እርጥብ ከሆነ የከርሰ ምድር ውሃ ሳይሆን አይቀርም። ሴራሚክ ይምረጡና ይኑሩበት፣ ወይም ወለሉን አፍርሰው ላስቲክ ያስገቡ።

ስክሪድ

ለምሳሌ 4 በ5 ሜትር የሆነ ሳሎን እንውሰድ፤ 20 ካሬ ሜትር ነው። 4 ሴንቲ ሜትር ስክሪድ፣ አንድ ሲሚንቶ ለአራት አሸዋ፣ የሚፈልገው 6 ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለትም 3 ኩንታል፣ እና 0.84 ሜትር ኩብ አሸዋ ነው። በግንባታ ሳጥን፣ 50 በ40 በ20 ሴንቲ ሜትር በሆነው፣ ለአንድ ከረጢት ሦስት ተኩል ሳጥን አሸዋ ይሰፈራል። በአካፋ መስፈር ስህተት ነው፤ የአካፋ ልክ ከሰው ሰው ይለያያል።

አሸዋውን ከመግዛትዎ በፊት በጠርሙስ ይፈትሹት። ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ቀሪውን ውሃ አድርገው በደንብ ነቅንቀው አንድ ሰዓት ያስቀምጡት። 10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ጭቃ ከተቀመጠ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ጭቃማ አሸዋ ያለው ስክሪድ ሲጠርጉት ዱቄት የሚያወጣ፣ ኮላ የማይዝ ወለል ይሆናል። ዐይንዎን ከፐሚስ ላይም አያንሱ። እፍኝ አሸዋ ውሃ ላይ ሲበትኑት የሚንሳፈፍ ቀላል ፍሬ ከበዛበት ለስክሪድ አይሆንም።

ከስክሪዱ በፊት ኮንክሪቱ ይጠረግ፣ ይታጠብ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ሆኖ እርጥብ ይሁን፣ በላዩም ሲሚንቶ በውሃ በጥብጠው በመጥረጊያ ይቀቡት። ቡኮው በእፍኝ ሲጨብጡት ቅርጹን የሚይዝ፣ ውሃ ግን የማያንጠባጥብ ይሁን። ከደረቀ በኋላ የ2 ሜትር ቀጥ ያለ አሉሚኒየም በየአቅጣጫው ያስተኙበት። ከሥሩ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ ለፒቪሲ፣ ለላሚኔትም ሆነ በኮላ ለሚነጠፍ ትልልቅ ሴራሚክ አይሆንም፤ አሁኑኑ ይስተካከል።

ሴራሚክ ማንጠፍ

ለዚያው ሳሎን 60 በ60 ሴራሚክ ሲሰላ እንዲህ ነው፦ አንዱ 0.36 ካሬ ሜትር ስለሆነ 56 ፍሬ ይበቃል፤ ለቆረጣና ለስብራት 10 በመቶ ሲጨመር 62። ለዞኮሎ፣ የግድግዳውን ግርጌ ለሚያለብሰው፣ አንድ በር ከተቀነሰ በኋላ 17 ሜትር ገደማ ይፈለጋል። አንዱ ሴራሚክ ስድስት ቁራጭ ስለሚወጣው 5 ፍሬ ነው። ድምሩ 67 ፍሬ፤ ካርቶኑ 4 ፍሬ ከያዘ 17 ካርቶን። ኮላ በካሬ ሜትር 6 ኪሎ ቢቆጠር 120 ኪሎ ይሆናል። የመጋጠሚያ ግራውት ለ3 ሚሊ ሜትር ክፍተት 3 ኪሎ ያህል ነው።

መጀመሪያ ያለ ኮላ ይደርድሩ። የክፍሉን መሀል በሁለት ክር አግኝተው ከዚያ ወደ ግድግዳ ይሂዱ። ጫፍ ላይ የሚቀረው ቁራጭ ከሴራሚኩ ሲሶ ካነሰ መነሻውን በግማሽ ሴራሚክ ያሸጋሽጉት። ከበሩ ሲገቡ በመጀመሪያ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሙሉ ሴራሚክ ይሁን፤ ቁራጩ ሶፋ ሥር ይግባ።

ኮላውን ከረጢቱ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ ያቡኩት፣ 5 ደቂቃ ያሳርፉት፣ እንደገና ያማስሉት። ከጠነከረ በኋላ ውሃ ጨምሮ ማላላት ኮላውን ይገድለዋል፤ ይደፋ። 10 ሚሊ ሜትር ጥርስ ባለው ብረት በአንድ አቅጣጫ ብቻ መስመር እያወጡ ይቀቡ፣ በሴራሚኩም ጀርባ ስስ አድርገው ይቀቡ። ሴራሚኩን አስቀምጠው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፉ ይጫኑት። በበጋ ከሰዓት በኋላ ንፋስ በተከፈተ መስኮት ሲገባ ኮላው ቶሎ ቆዳ ያወጣል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ አይቀቡ፣ መስኮቱንም ይዝጉ። በየአሥሩ አንዱን መልሰው አንስተው ጀርባውን ይዩ። በሙሉ ኮላ ካልነካው አቀባቡ ልክ አይደለም።

አምስት ቦታ ቡኮ ጠብ አድርጎ ሴራሚክ ማስቀመጥ በብዙ ቤት የሚታይ ልማድ ነው። ፈጣን ነው፣ ያልተስተካከለ ወለልም ይሸፍናል። ግን ማዕዘኖቹ ባዶ ላይ ስለሚቀሩ የአልጋ ወይም የፍሪጅ እግር ሲያርፍባቸው ይሰበራሉ። በባዶው ውስጥ ውሃ ይተኛል፣ ጉንዳንም ይሰፍራል። ባለሙያው በዚህ መንገድ ሲጀምር ካዩ በትህትና ያስቁሙት።

በሴራሚክና በሴራሚክ መሀል 3 ሚሊ ሜትር፣ ከግድግዳ ጋር ደግሞ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይተዉ። የግድግዳው ክፍተት በዞኮሎ ይሸፈናል፤ በሲሚንቶ ግን አይደፈን። ወለሉ በሙቀት ሲለጠጥ መሄጃ ካጣ አንድ ቀን መሀሉ ላይ እንደ ድንኳን ብድግ ይላል። ከ8 እስከ 10 ሜትር የሚረዝም ኮሪደር ከሆነ መሀል ላይ በሲልከን የተሞላ አንድ መስመር ያስፈልገዋል። ግራውት ከ24 ሰዓት በኋላ ይሙሉ፤ ከባድ ዕቃ ከሰባት ቀን በፊት አያስገቡ።

መታጠቢያ ቤት

እዚህ ሴራሚክ ውሃ አያግድም፤ ውሃ የሚያግደው ከሥሩ የሚቀባው ነው። ስክሪዱ ወደ ማፍሰሻው በሜትር ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያዘንብል። ውሃ ማገጃውን ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ላይ በመስቀለኛ አቅጣጫ። ግድግዳ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር፣ በሻወሩ በኩል እስከ 2 ሜትር ይውጣ። ማዕዘኖቹና የቧንቧ ዙሪያ በመረብ ጨርቅ ይጠናከሩ። ከደረቀ በኋላ ማፍሰሻውን ደፍነው 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ ያቁሩና 24 ሰዓት ይጠብቁ። ፎቅ ከሆነ ታች ያለውን ጎረቤት ኮርኒሱን እንዲያይልዎ ይለምኑ። ውሃው ካልቀነሰ ሴራሚኩን ማንጠፍ ይጀምሩ። ይህን አንድ ቀን መዝለል በኋላ መታጠቢያ ቤቱን በሙሉ ማፍረስ ያስከትላል።

ፒቪሲና ላሚኔት በአጭሩ

ሁለቱም ካርቶናቸው ተከፍቶ በሚነጠፉበት ክፍል 48 ሰዓት ይቆዩ። ላሚኔት ከግድግዳ 10 ሚሊ ሜትር፣ ቆላፊ ፒቪሲ 5 ሚሊ ሜትር ይራቅ። የአንዱ ረድፍ መገናኛ ከሚቀጥለው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይሸሽ። ከላሚኔት ሥር መጀመሪያ ላስቲክ፣ ቀጥሎ ስስ ስፖንጅ ይነጠፋል። ለሚለጠፈው ፒቪሲ ኮላው ተቀብቶ በጣት ሲነኩት የሚይዝ ግን የማያቆሽሽ እስኪሆን ይጠበቃል፤ ቸኩሎ የተለጠፈ ከሥሩ አየር አግቶ ያብጣል።

አያያዝ

ወለልን ከሁሉም በላይ የሚያረጀው አሸዋ ነው። በጫማ የገባ አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ የላሚኔትን ገጽ ያደበዝዛል፣ የቴራዞን ወዝ ይገፋል። ከበር ውጭ አንድ ሻካራ፣ ከበር ውስጥ አንድ ጨርቅ ያለ ምንጣፍ ያኑሩ። ሳይጠርጉ አይወልውሉ። በአሸዋ ላይ እርጥብ መወልወያ መጎተት ወለሉን መሞረድ ነው።

ለሴራሚክ በአንድ ባልዲ ለብ ያለ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ኦሞ ማብዛት ወለሉን ያጣብቀዋል፣ ሲደርቅ ነጭ ጥላ ይተዋል፣ አቧራም ይስባል። ለላሚኔትና ለፓርኬ መወልወያው ተጨምቆ ጠብታ የማይወጣው መሆን አለበት። በረኪናንና የሽንት ቤት አሲድን በአንድ ቀን፣ በአንድ ወለል ላይ አይጠቀሙ፤ ሲቀላቀሉ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣሉ።

ቡና የሚፈላበት ቦታ ለብቻው ይታሰብ። ከምድጃው የፈነጠቀ ፍም ፒቪሲን ወዲያው ያቀልጠዋል፣ ላሚኔት ላይ ጥቁር ነጥብ ጥሎ ያልፋል። ከረከቦቱና ከምድጃው ሥር ትርፍ ሴራሚክ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስቀምጡ። ቀጤማውም ጣጣ አለው። እርጥብ ሆኖ የተጎዘጎዘ ሣር ሲያድር በግራውትና በቴራዞ ላይ አረንጓዴ ቀለም ይለቃል፣ የላሚኔትን መገናኛ ያረጥባል። ውሃውን አራግፈው ይጎዝጉዙት፣ እንግዳ ሲሸኝም ሳያድር ያንሱት።

እርድ ግራውት ላይ ከፈሰሰ አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውሃ አድርገው 10 ደቂቃ አቆይተው ያጥቡት። ቅቤ ወይም ዘይት ቴራዞ ውስጥ ከገባ ሳሙና አያወጣውም። የዳቦ ሶዳ በውሃ ለውሰው እንደ ወፍራም ሊጥ ይለጥፉበት፣ በላስቲክ ሸፍነው ያሳድሩት፣ ጠዋት ጠርገው ያንሱት። እስኪለቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ፒቪሲ ላይ ጀርባው ጎማ የሆነ ምንጣፍ አያንጥፉ፤ የማይለቅ ቢጫ ጥላ ይተዋል።

በመጋጠሚያው ላይ ነጭ ጨው ሲወጣ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሥራ በውሃ ማጠብ ነው። ውሃው ጨዉን አሟምቶ መልሶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ሲደርቅ እንደገና ይወጣል። በደረቅ ብሩሽ ጠርገው፣ ሰብስበው ያውጡት። ከየክረምቱ በኋላ እየቀነሰ ከሄደ የሲሚንቶው የራሱ ጨው ነው፣ ያልቃል። ካልቀነሰ ከታች የሚመጣ ውሃ አለና ወደ ቆጣሪውና ወደ አሸንዳው ፍተሻ ይመለሱ።

በዓመት አንድ ጊዜ ወለሉን በሳንቲም ጠርዝ እያንኳኩ ይዙሩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። መንቀሳቀስ የጀመረ ካለ ቶሎ ይቀየር፤ ጎረቤቶቹን ሳይጎትት። በመጀመሪያ በዙሪያው ያለው ግራውት በሙሉ ተፍቆ ይውጣ። ይህ ሳይደረግ መዶሻ ከተነሳ ስንጥቁ ወደ ጎን ይሄዳል። ዓይንዎን በመነጽር ሸፍነው መሀሉን በድሪል ይብሱ፣ ከመሀል ወደ ዳር እየሰበሩ ያንሱ። የድሮው ቡኮ ለአዲሱ ሴራሚክና ለኮላው ውፍረት የሚበቃ ጥልቀት እስኪገኝ ይፈቀፈቅ፣ አቧራው ይጠረግ፣ ከዚያ በሙሉ ኮላ ይነጠፍ። ለዚህ የሚሆን ከመጀመሪያው ግዢ የተረፈ ሴራሚክ ያስፈልጋል። ያው ንድፍ ከዓመታት በኋላ ገበያ ላይ ቢገኝ እንኳ የቀለም ቁጥሩ አንድ አይሆንም። አንድ ሙሉ ካርቶን፣ ቁጥሩ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር፣ አልጋ ሥር ያስቀምጡ።